ኤመሪ ሃቭራኔክ አፉን የያዘበት ሰኞ

የከተማችንን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የሰዎቹንም እንዲሁ። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል። ለጊዜው ኬንድሪክ ራን እንበለው። የብረት ማቅለጫው ከተዘጋ ወዲህ ለከተማው የቀረችለት ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ናት። የትምህርት ቤቱ ሜዳ መብራት ስለሌለው፣ ሌላው ዓርብ ማታ ሲጫወት እኛ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት እንጫወታለን። እግር ኳስ እንለዋለን እንጂ እግር ብዙም አይነካውም። ኳሱን ይዘህ ትሮጣለህ፣ አለዚያም ወደፊት ትወረውረዋለህ፤ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጥሃል። ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ችግሩ ኤመሪ ከዚህ በላይ ማወቁ ነው።

ኤመሪ ሃቭራኔክ ሠላሳ አራት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የማን ምድር ቤት ምን እንደሚሸት ያውቃል። እኔ ሎይስ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት፣ የሚስቱ የጆአን ጓደኛ ነበርኩ። ሜዳው ላይ ጆአን በመካከላችን ትቀመጥ ነበር፤ ሲያበዛው ጉልበቱን ትቆነጥጠዋለች። ከአራት ዓመት በፊት ሞተች። የሚቆነጥጠው ጠፋ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ኤመሪ ያለ ማቋረጥ ይጮሃል። የሚጮኸው አሰልጣኙ ጋርት ሊንደር ላይ ነው፤ የእንጨት ሥራ አስተማሪያችን፣ አርባ ስድስት ዓመቱ፣ ቁጥብ ሰው። እውነቱን ለመናገር የሊንደር የማጥቃት ዘዴ እንቅልፍ ያመጣል። የመጀመሪያ ሙከራ፣ ሩጫ በመሀል። ሁለተኛም መሀል። ሦስተኛ ላይ ጨንቆት ውርወራ። አራተኛ ላይ ኳሱን በእግር መትቶ ለተጋጣሚ ማስረከብ። ዘንድሮ መስከረም ላይ በዚህ አኳኋን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፍን።

«ይሄ ሰውዬ እኮ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትለት ግድግዳውን ገፍቶ ነው የሚገባው» አለኝ ኤመሪ በሦስተኛው ሽንፈት ቀን።

«ታዲያ ሂድና አንተ አሰልጥናቸው» አልኩት።

«እኔማ እወረውር ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ፣ ማንም ሳይጠብቅ!»

ያን ምሽት እቤቱ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በገዛ እጁ ጽሑፍ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ አቤቱታ ጻፈ፦ አሰልጣኝ ሊንደር ይነሳልን። የመጀመሪያው ፊርማ የእሱ ነው። ሁለተኛው የእኔ። በሳምንት ውስጥ ሠላሳ ሰው ፈረመ። ከዚያ ቡድኑ አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈና ወረቀቱ የኤመሪ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አፈርን እንዳልል፣ አላፈርንም። ረሳነው።

አሁን ስለ ኮልቢ ልንገራችሁ። ኮልቢ የኤመሪ የልጅ ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ጠባዩ የዋህ። ሊንደርን እንደ አባት ነው የሚያየው፤ የራሱ አባት የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ከሚደረደሩት አምስት ግዙፎች አንዱ ነው። ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ ሥራው ሰው መግፋት ነው። ሌላው ሕዝብ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ከዘመድ በቀር የሚያየው የለም። ኤመሪ ግን ከእሱ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ ከአሰልጣኞቹ ሁሉ ቀድሞ አንድ ነገር አየ። ግዙፎቹ ከመነሳታቸው በፊት አጎንብሰው አንድ እጃቸውን መሬት ያስነካሉ። ሩጫ ሲሆን ኮልቢ ወደፊት ሊገፋ ስለሆነ ክብደቱን እጁ ላይ ይጥላል፤ ጣቶቹ ሣሩ ውስጥ ይሰምጣሉ። ውርወራ ሲሆን ወደኋላ ሊያፈገፍግ ስለሆነ እጁ መሬቱን ለወጉ ያህል ነካ ያደርጋል። ልጁ ራሱ አያውቀውም።

ኤመሪ ይህን ካወቀ በኋላ ጩኸቱ ወደ ትንቢት ተለወጠ። «መሀል» ይላል፣ መሀል ይሆናል። «ውርወራ» ይላል፣ ይወረወራል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከኋላችን ተቀምጦ ነበር፤ ቡናማ ጃኬት፣ የአምሳ ዓመት ሰው፣ እህቱን ሊጠይቅ የመጣ መንገደኛ ነኝ ያለን። ኦቾሎኒ በከረጢት ይዟል፤ ለእኔም ለኤመሪም ዘገነልን።

«ወንድሜ» አለው ከእረፍት በኋላ፣ «አሥራ አምስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንዴም አልሳትክም። ከአሰልጣኙ ጋር በስልክ ነው እንዴ የምትነጋገሩት?»

«ከዚያ? ከዚያ ሰውዬ ጋር ሰላምታም የለኝ።»

«ታዲያ እንዴት ነው? በእውነት ቡድኑ ላንተ ነበር መሰጠት የነበረበት።»

አራት ዓመት ሙሉ ማንም አመስግኖት የማያውቅ ሰው ነው። ጆሮው እስኪቀላ ደስ አለው። ወደ ኋላ ዞረና በጣቱ እያመለከተ «ያ ሰባ አራት ቁጥር የልጅ ልጄ ነው። እጁን እይ» አለው። ሁሉንም አስረዳው። ሰውየው ሁለት ሦስት ጊዜ አይቶ አረጋገጠ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ጨዋታው ሳያልቅ ሄደ። ጆአን ብትኖር ገና ወደ ኋላ ሲዞር ቆንጥጣው ነበር። እኔ ኦቾሎኒ እበላ ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኤመሪ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የአፉን ግን ያወቅነው በሳምንቱ ማርሎ ላይ ነው። ማርሎ ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ናት፤ ያሸነፈ ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋል፣ የተሸነፈ ማሊያውን አጥቦ ለከርሞ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ውርወራችን የማርሎ ተከላካዮች ኳሱ ሳይነሳ «ውርወራ! ውርወራ!» እያሉ ጮሁና የእኛን ወርዋሪ ከነኳሱ ቀበሩት። መሀል ስንሮጥ ስምንት ሆነው መሀል ላይ ጠበቁን። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ኤመሪ ክንዴን ጨበጠኝ። ከሜዳው ማዶ፣ ከማርሎ አሰልጣኞች መካከል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ሰው ቆሟል። ቡናማው ጃኬት።

«ሎይስ» አለኝ። ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አልተነሳም። ሠላሳ አራት ለዜሮ ተሸነፍን። ዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሊንደር ላይ እየጮኸ ነበር፦ መሀል መሀል ብቻ፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ጨዋታ፣ በሩ ተከፍቶ ግድግዳ የሚገፋ። ቃል በቃል የኤመሪ ስድብ ነው። ዓመታት ሙሉ ሲያስተምራቸው ኖሮ ያን ቀን በቃላቸው ይዘውት ተገኙ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ አራት ሰዎች የኤመሪ በረንዳ ላይ ወጥተው አቤቱታውን ጠየቁት። እምቢ ቢል ምክንያቱን ሊጠይቁት ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ሰጣቸው። ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም፤ እኔም የእሱን። ቦርዱ ሰኞ ለስብሰባ ተጠራ።

እሑድ ከሰዓት ኤመሪ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሊንደር ቤት ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን በሩን የሚያንኳኳ አልመሰለኝም። ሊንደር ራሱ ከፈተልን፤ ቅጠል እየጠረገ ነበር መሰለኝ ጓንት አድርጓል። ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠንና ኤመሪ ኦቾሎኒውን ሳያስቀር፣ ሙገሳውን ሳያስቀር ተናዘዘ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «በገዛ ልጄ እጅ ነው የሸጥኩህ» አለው።

ሊንደር ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየን። የትናንቱ ጨዋታ ቪዲዮ ነው፤ የኮልቢ እጅ ላይ ቆሟል።

«ትናንት ማታ አገኘሁት» አለ። «እንዴት እንዳወቁት ነበር ያልገባኝ። አሁን ገባኝ።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፦ «ነሐሴ ላይ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ኤመሪ። የተጫዋቼ እጅ የእኔ ሥራ ነው።»

«ነገ ቦርዱ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም እላቸዋለሁ።»

«ከዚያስ እንዴት አወቁ ብለው ሲጠይቁዎት?»

ኤመሪ ኮፍያውን በእጁ አዞረው።

«ዴኒን ያስቡት እስቲ» አለው ሊንደር።

ይህን ለእናንተ ማስረዳት አለብኝ። ዴኒ የሚስማርና የቀለም ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ በዋንጫ ጨዋታ መጨረሻ፣ መስመሩ ላይ ብቻውን ቆሞ የተወረወረለትን ኳስ ጣለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው። እስከ ዛሬ ድረስ ኬንድሪክ ራን ውስጥ ለዴኒ አንድ ነገር የሚያቀብል ሰው ሁሉ ሳይለቅለት «ያዝከው?» ይለዋል። ቀልድ ነው። ዴኒም ይስቃል። ልጆቹም ሱቅ ውስጥ ቆመው ይሰማሉ። ኤመሪ በሳምንት ሁለቴ ይለዋል፤ እኔም ብያለሁ።

«ማርሎዎች አይናገሩም፤ ለከርሞ ይጠቅመናል ብለው ያስባሉ» አለ ሊንደር። «የልጁን እጅ እኔ አስተካክለዋለሁ፤ አምስቱንም አቋቋም ቀይሩ እላቸዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝም። እዚህ ክፍል ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን የምናውቀው። ሆድ ይፍጀው።»

«ያነሱሃል እኮ» አለ ኤመሪ።

«ሊያደርጉት ይችላሉ። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እሱ አሥራ ስድስት።»

በሩ ድረስ ሸኘን። ኤመሪ እጁን ሊጨብጠው ፈልጎ ኮፍያው እጁ ላይ ስለነበር ተደናበረና ሳይጨብጠው ወጣ።

ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ሞላ። ተጫዋቾቹ ማሊያቸውን ለብሰው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ለአሰልጣኛቸው የመጡ ናቸው። ኮልቢ ጭብጨባ ሳይፈቀድ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ተገሥጿል። የቦርዱ ሰብሳቢ አቤቱታውን አነበበች፤ ፊርማው ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሷል። ከዚያ ስሞቹን ከላይ ጀመረች፦ «ኤመሪ ሃቭራኔክ። ሎይስ...» የእኔን ሙሉ ስም ስትጠራ ወለሉን አየሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠረግኩት ወለል።

«ከፈራሚዎቹ መናገር የሚፈልግ አለ?» አለች።

ኤመሪ ተነሳ። አዳራሹ ውስጥ ፈገግታ ዞረ፤ ኤመሪ ሲነሳ ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃል። አንዱ ከኋላ «መሀል!» አለና ሰው ሳቀ። ኤመሪ ሊንደርን አየው። ሊንደር ጭንቅላቱን በጥቂቱ፣ ለእኛ ብቻ በሚታይ መጠን፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ኮልቢን አየ። ኮልቢ አያቱን በተስፋ ይመለከት ነበር፤ አምስት ጨዋታ ስናሸንፍ አብረው የጨፈሩ ናቸውና ለአሰልጣኙ አንድ ደግ ቃል የሚናገር መስሎታል።

ኤመሪ ከንፈሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተቀመጠ።

ስድስት ለሦስት እንዲነሳ ተወሰነ። ሊንደር ተነስቶ ቦርዱን አመስግኖ የልጆቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠና ወጣ።

ኤመሪ እኔንና ኮልቢን በፒክአፑ ይዞን ሄደ፤ እኔ መሀል ነኝ፣ ኮልቢ በመስኮቱ በኩል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጣን።

«ደስ አለህ፣ አባባ?» አለ ኮልቢ።

ልናገር ነበር። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ኤመሪ ከመሪው ላይ እጁን አንስቶ ጉልበቴን ቆነጠጠኝ፤ ቀላል ቁንጥጫ አይደለም።

«ደስ ብሎኛል» አለ። «ውርወራ የማያውቅ ሰው ነው።»

ልጁ ለተወሰነ ጊዜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያለቀሰ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

«ኤመሪ፣ እዚህ ጋ አቁምልኝ» አለ።

አባባ አላለም። በሕይወቱ አያቱን በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ኤመሪ የቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ላይ አቆመ፤ ከቤቱ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀራል። ልጁ ወረደ። በሩን አላላተመውም፤ እንደ እንግዳ ሰው ቀስ አድርጎ ዘጋውና ሄደ።

እስኪሰወር ድረስ አየነው። «ልንገረው» አልኩት፤ «ኤመሪ፣ ሄጄ ልንገረው።»

«ከነገርሽው ነገ ጠዋት ከተማው ሁሉ እጁን ሲያይ ይውላል» አለኝ። «ተይው። እኔን ይጥላኝ።»

ይጠላዋል። ስምንት ወር ሆነ፤ አያቱ ቤት የእሑድ ምሳ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም።