በሩን በራሷ ላይ የዘጋች ሴት

የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ እንድትጠብቅ የተቀጠረችው ሴት፣ ሰላም ሲሏት እንኳ «ከየት መጣህ? ወዴት ነህ?» የምትል ትመስላለች። ሹራቧ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። የቤቷ ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ትርፉ ጎረቤት ዘንድ ነው። ያገባች ትሁን የፈታች፣ ወሬ ቀለቡ የሆነው ያ ሁሉ ሠራተኛ እስካሁን አልደረሰበትም።

ዛሬ የፋየርዎሉን፣ የዚያን የኔትወርክ በር ጠባቂ፣ ሕግ እንደ አዲስ ጻፈች። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ሕጉንም ከላይ ወደ ታች እያነበበ ቀድሞ ያገኘውን ይፈጽማል። እሷ ግን «ሁሉንም ዝጋ» የሚለውን ከላይ፣ «እኔን አስገባ» የሚለውን ከታች አድርጋው ኖሮ፣ የኢንተርን ቁልፍ ስትጫን ስክሪኑ ቀጥ አለ። በገዛ እጇ ደጅ ቀረች።

ከኮምፒውተር ማጥፊያውን ብቻ የሚያውቀው አለቃዋ ላብ በላብ ሆነ።

«ጉድ ፈላ! ደንበኛው ሁሉ ውጭ ቀረ እኮ! አሁን ማን ይከፍትልናል?»

«ራሱ ይከፍታል» አለች፣ ብርቱካኗን እየላጠች። «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገብቼ ተው ካላልኩት የድሮውን ሕግ እንዲመልስ ሰርቨሩን ቀድሜ አዝዤዋለሁ።»

ብርቱካኑ ሳያልቅ ስክሪኑ ነቃ። የአለቃው ትንፋሽ ተመለሰ፤ አለቅነቱም ተከትሎት ከች አለ።

«ለመሆኑ ይህን ብልሃት የት ነው ያስተማሩሽ?»

«ባል ቤት፣ ጌታዬ። አንድ ሌሊት ቆልፎብኝ ደጅ አድሬያለሁ።»

ጣቶቿን ጠረገችና «እኔን አስገባ» የሚለውን የራሷን መስመር ከሁሉም በላይ አወጣችው።