የተካልኝ ባርኔጣ ቴፒ ሲደርስ

ሚዛን ተፈሪ፣ ጎህ ሲቀድ

ዛሬ በጠዋቱ የሟች ወዳጄን ባርኔጣ ቀቀልኩት። ሌላ ቃል የለውም፤ ቀቀልኩት።

ተካልኝ ለሕክምና ጂማ ሲሄድ የሰሌን ባርኔጣውን እኔ ዘንድ አኖረ። «ሆስፒታል ውስጥ ማን ይጠብቅልኛል? አንተ ባርኔጣ ስትሸጥ ነው ያረጀኸው፤ ያዝልኝ» አለኝ። ሳይመለስ ቀረ፤ እዚያው ተቀበረ። ልብሱንም ዘመዶቹ እዚያው ለነዳያን ሰጡት። ዛሬ ከሰዓት ቴፒ ቤቱ እርም ይወጣል፤ ቀብሩ ላይ ያልነበርን ሁሉ እናለቅስለታለን። ሚስቱ ጥሩነሽ ትናንት ደውላ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ወንበሩ ላይ የማስቀምጠው የሱ ነገር የለኝም። ባርኔጣውን ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ። ቴፒ ተካልኝን የሚያውቀው በዚያ ባርኔጣ ነው። እሱ ከሌለ የሚለቀሰው ለባዶ ወንበር ነው።

እኔም እስከ ትናንት እንደ እንቁላል ነበር የያዝኩት። ሚዛን እርጥብ አገር ነው፤ ሰሌን ሣጥን ውስጥ ከተዘጋበት ይሻግታል። ከምድጃውም ከፀሐዩም አርቄ፣ መደርደሪያ ላይ በአናቱ ገልብጬ አኖርኩት። በጠርዙ ከተቀመጠ ይጣመማላ! አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራገፍኩ፤ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ መስኮት ዳር አናፈስኩት። ስንቱን ደንበኛ በስብከት ያደነቆርኩ ሰው ነኝ፦ «ከረጠበ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ላይ። እሳት አጠገብ ዝር እንዳይል። ፌስታል ውስጥ የከተተው ደግሞ ሁለተኛ ሱቄን አይርገጥ!»

ታዲያ መነኸሪያ ስደርስ ዝናቡ አገኘንና ባርኔጣው ራሰ። ደነገጥኩ። በፌስታል ጠቅልዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ይደርቅልኛል ብዬም የሚኒባሱ ሞተር ክዳን ላይ አስቀመጥኩትና አንቀላፋሁ። ሽማግሌ ምክሩን ሁሉ ለሰው ሲያድል ከርሞ፣ ለራሱ የሚሆን ሲፈልግ አንድም አይተርፈውም።

ሸኮ፣ ረፋድ ላይ

መንገዱ ቀይ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ ቡናና እንሰት። ጉሙ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። መኪናዋም እንደ ሐዘንተኛ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። ሸኮ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። አንዷ ትንሽ ሻይ ቤት ቆጮና ጎመን አለ አሉ፤ እኔ ግን ፌስታሌን ፈታሁ። እንፋሎት ፊቴን መታኝ።

ሾፌሩ ጎማውን ትቶ አንገቱን አሰገገ። «አባባ፣ ምሳዎት ነው እንዴ?»

የባርኔጣው አናት ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተንጠልጥሏል።

«ታዲያ ራስዎ ላይ ያድርጉታ! ቅርጹን ይይዛል።»

«የኔ ራስ ከባርኔጣው ባለቤት ራስ ይሰፋል፤ ውስጡ ምንም ስለሌለ ነፋስ ነፍቶታል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ለእኔ ግን ሳቅ አልነበረም። እርጥብ ሰሌን ያገኘውን ራስ ይዞ ነው የሚደርቀው። ካጠለቅሁት ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የተካልኝ ራስ መሆኑ ይቀርና የኔ ይሆናል። ጥሩነሽ ደግሞ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ከራሱ ላይ ያነሳችው እሷ ናት።

ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ጠጋ አለች። ዘይነባ ትባላለች፤ የጂማ አካባቢ ልጅ፣ ማሻ ገበያ ልብስ ልትሸጥ የምትሄድ።

«የማን ነው አባባ?»

ነገርኳት።

«ኢና ሊላሂ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ከቦርሳዋ ነጭ አበባ ያለባት ሰማያዊ ሻሽ አወጣች። «ደረቅ ናት፤ እሷን ይጠቅጥቁበት። ግን የስግደቴ ናት፤ እንዳትጠፋብኝ። ሐሙስ ስመለስ ቴፒ መነኸሪያ ይጠብቁኝ።»

«ልጄ፣ እኔን አምነሽ? ዛሬ ያደረግሁትን እያየሽ?»

«ሻሽ እኮ አይቀቀልም።»

አናቱን ከውስጥ በእፍኜ ቀስ እያልኩ ገፋሁት፤ ሰሌኑን ሳልጎትት፣ ሻሿን ጥቂት ጥቂት እያስገባሁ። እስከ ቴፒ ድረስ ጉልበቴ ላይ ይዤው፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ነፋስ እያስመታሁት ሄድኩ።

«አባባ፣ ለአንድ ባርኔጣ ስንል ሁላችንም ሳንባችንን ይምታን?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከመታችሁማ የናንተንም ባርኔጣ አደርስላችኋለሁ» አልኩት።

ቴፒ፣ ከሰዓት

ቴፒ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ ተቀበለን። ድንኳኑ በር ላይ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ጥሩነሽ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ባርኔጣውን በጠርዙ ይዤ አቀበልኳት። በግራ በኩል አንዲት ጉብጠት ቀርታለች። ጣቷ በቀጥታ እዚያ ላይ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀቅዬው ነው።»

ጉብጠቷን ዳበሰች። «ግድ የለም። እሱም በመጨረሻው ጎብጦ ነበር።»

ወንበሩ ላይ አኖረችው። የዘይነባ ሻሽ የገባችው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ነበርና አሁን ላወጣት እጄን ሰደድኩ። ያዘችኝ።

«ይተዉት ጋሽ ወልዴ። ራስ ያለበት ይመስላል።»

እጄን ሰበሰብኩ። ሙሾ አውራጇ ስሙን ጠራችው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሳ። ለባዶ ወንበር አልተለቀሰም። እኔም አለቀስኩ፤ ቀልድ የሚባል ነገር አንድም አልመጣልኝም።

ቴፒ መነኸሪያ፣ ሐሙስ

ባርኔጣው አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። ጥሩነሽ ማንንም አታስነካም፤ በጠዋት «እንደምን አደርክ» ስትለው ሰምቻለሁ። የዘይነባን ሻሽ ልጠይቃት ስንቴ ተነሳሁ፤ አልደፈርኩም። በመጨረሻ ገበያ ገብቼ አዲስ ሻሽ ገዛሁ፤ እሱንም ሰማያዊ።

ዘይነባ ተቀብላኝ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይቺ የኔ አይደለችም።»

የሆነውን ነገርኳት። አዲሱን ሻሽ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«እንግዲያው ትቆይ። ሴትዮዋ ራሷ እስክታወጣት አይንኩባት። ያኔ አጥበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው ያመጡልኛል።»

«ምድጃ አጠገብ አላደርቃትም።»

«ፌስታልም ውስጥ» አለች፤ መኪናዋም ተነሳች።

ወደ ሚዛን ስመለስ ሸኮ ላይ ዝናቡ አገኘኝ። ባርኔጣ ሻጩ ራስ ላይ አንድም ባርኔጣ የለም። የዘይነባ ሻሽ ዕዳዬ ናት፤ ቴፒ፣ የተካልኝ ባርኔጣ ውስጥ።