ከአንድ ሊጥ ሁለት ሳህን

የላክኸውን ቴክስት ሳነብ የጥቁር ኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ኩሽናዬ ውስጥ እንኳን ጥቁሩ ነጩም ኮምጣጤ የለም። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኮሎምበስ እመጣለሁ። ሐላል የሆነ፣ በእጅ የሚጎተት የቻይና ኑድል የት ነው የሚበላው? አባቴ ሁልጊዜ ያወራለት የነበረው ቤት» ብለሃል፣ በእንግሊዝኛ። መነጽሬን አውልቄ ቁጭ አልኩ። ከሽታው ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ሊጥ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ጧ የሚለው። ከዚያ በእንፋሎት የደበዘዘው መስኮት፣ ከዚያ አባትህ።

አድራሻውን በአንድ መስመር ልልክልህ እችል ነበር። ግን ስለዚያ ቤት ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፤ አባትህም ለማንም አልነገረም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ጻፍኩልህ። አማርኛው ከከበደህ ፒከሪንግተን እናትህ ቤት ስትደርስ እሷ ታንብብልህ። እሷም ትስማ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገርህ፤ ሌላ ሰው አሳንሶ ነው የሚነግርህ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ መምህር አስተምሮኝ አያውቅም። ሬዲዮ መጠገኑን፣ እንግሊዝኛውን፣ የመኪና ሞተሩን፣ ሒሳቡን፣ ሁሉንም ብቻዬን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ስመጣ ገና መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ የላይብረሪ ካርድ አወጣሁ። በምንሠራበት ዌርሃውስ የነበሩት ባለዲግሪዎች እንኳ ፎርም ሲቸግራቸው የሚመጡት ወደ እኔ ነበር። አባትህ «ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር። እሱ ለቀልድ ይለዋል፣ እኔ እንደ ማዕረግ እቀበለዋለሁ።

ያኔ የሁለታችንም ጸጉር ጥቁር ነበር። ሁለታችንም ትዳር አልያዝንም። አንድ አፓርታማ ተከራይተን በእሱ አሮጌ መኪና ኦቤትስ ድረስ ለሥራ እንመላለስ ነበር። እሱ የወሎ ሙስሊም፣ እኔ የጎጃም ክርስቲያን። በሁሉ ነገር ተስማምተን ሥጋ ላይ ስንደርስ እንለያያለን። አንተ እዚህ ስለተወለድክ ላታውቀው ትችላለህ፤ በእኛ አገር ልማድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ፍሪጃችን ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ የእሱ፣ የታችኛው የእኔ ነበር። ድስታችን ሁለት፣ ቢላችን ሁለት። እንዳይሳሳት ብዬ የእኔን ቢላ እጀታ በቀይ ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ።

ከአንድ ትሪ አብረን የምንበላው እኔ ስጾም ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም ያ ረጅሙ ዐቢይ ጾም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ማንም አላረደው፣ የማን ነው የሚያሰኝ ነገር የለው። አባትህ ጾሜን ከእኔ በላይ ይወደው ነበር ብልህ አልዋሸሁም። ሁዳዴ ሲገባ ሽንኩርት ገዝቶ ይመጣል። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ፊቱ ይጨልማል። «እንግዲህ ልትፈታ ነው፤ እኔም ብቻዬን መጉረሴ ነው» ይለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሁዳዴ መጀመሪያ ላይ፣ በምሳ ብሬክ ነው። በትልቁ የጭነት በር የሚገባው ብርሃን ቀዝቃዛና ነጭ ነበር፤ ካርቶንና ጎማ ይሸታል። አባትህ እየሮጠ መጣ።

«ፕሮፌሰር! ቻይናው ይሰግዳል!»

ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ ዝምተኛ ቻይናዊ ነበር። ሁልጊዜ ነጭ ቆብ ያደርጋል፤ ቅዝቃዜ ፈርቶ ይመስለኝ ነበር።

«ወገቡን አሞት እያፍታታ ይሆናል» አልኩት።

«ወደ ቂብላ ዞሮ? ግንባሩን መሬት አስነክቶ?»

«ቻይና ውስጥ ሙስሊም የለም።»

በሙሉ ልብ ነው የተናገርኩት፤ ባነበብኩት መጽሐፍ ላይ አልነበረማ። ማታውን ላይብረሪ ሄጄ ሌላ መጽሐፍ አገኘሁ። ለካ ከጥንት ጀምሮ አሉ። በማግሥቱ በመኪና ስንሄድ ስለ ቻይና ሙስሊሞች ለአባትህ ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት። መሪውን ይዞ እየሳቀ፣ «ትናንት የነገርኩህን ነው እንዴ ዛሬ የምታስተምረኝ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው መስገድ ጀመሩ። ቻይናዊው እንግሊዝኛው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ግን እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ አጥፎ፣ ደግሞ ዘርግቶ፣ ሊጥ እንዴት ክር እንደሚሆን በአየር ላይ አሳየን። ዘመዱ ወደ ሂሊያርድ በሚወስደው መንገድ ቤት ከፍቷል። ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ሐላል፣ ሐላል» አለ። ቅዳሜ ልውሰዳችሁም አለን።

እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። «አያስፈልግም፤ እኛው እናገኘዋለን።» መንገድ ጠይቆ መሄድ ያኔ ለእኔ ሽንፈት ነበር።

ቅዳሜ ወጣን። አባትህ እንደ ልጅ ቸኩሎ ነበር። «አንድ ሙልሙል ሊጥ እንዴት ያን ሁሉ ክር ይሆናል? ቢላ የለ፣ ማሽን የለ!» ይላል። እኔም ጓጉቻለሁ። ብዙ ዞርን። በመጨረሻ በአንድ መስታወት ውስጥ ሰው ሊጥ ሲጎትት አየሁና «ይኸው!» አልኩ። በመጽሐፌ እንዲህ ሊጥ የሚጎትቱት ሙስሊሞች ናቸው ይላል፤ ሌላው ሰው አይጎትትም ግን አይልም። ያን ልዩነት ያኔ አላሰብኩትም።

አባትህ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። «ሂድና ጠይቅልኝ። ሐላል ነው ወይ በላቸው» አለኝ።

ባንኮኒው ላይ የቆመችውን ልጅ ጠየቅኋት። አልሰማችኝም። ደገምኩላት፤ ፈገግ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ያ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩት እንግሊዝኛዬ አፌ ላይ ደረቀ። ሦስተኛ ብደግመው አባትህ ከኋላዬ ይሰማል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል በጣቴ ጠቁሜ አዘዝኩና ተመለስኩ።

«ጠየቅክ?»

«ጠየቅኩ።»

«ነው አሉ?»

«ነው አሉ።»

እኔ ጾም ስለሆንኩ ሻይ ብቻ ያዝኩ። አባትህ ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ክሩ አገጩ ላይ እየተንጠለጠለ፣ እየሳቀ፣ መረቁን በሁለት እጁ አንስቶ እየጠጣ በላ። ከግማሽ በላይ ሲሄድ ልጅቷ ሻይ ልትጨምርልኝ መጣች። በመልካም ልብ ነው፣ ወደ እሱ ዞር ብላ የአሳማው ሥጋ ጣፈጠህ ወይ አለችው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያነበብከው ነው።

አባትህ የመብያ እንጨቶቹን ሳህኑ ጠርዝ ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ወጥቶ ፓርኪንጉ ውስጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አፉን ተጉመጠመጠ። ጠርሙሱ እስኪያልቅ። ከመኪናው ሌላ አምጥቶ ደገመ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ባዶውን ጠርሙስ ተቀበልኩት።

መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «አልጠየቅክም፣ አይደል?»

«በደንብ አልሰማችኝም» አልኩ።

ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ነዳ። ጠዋት ጠዋት ግን ያው በሰዓቱ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል፤ ጥሎኝ የሄደበት ቀን የለም። ከሥራ ስንመለስ ሽሮዬን ሠርቼ ትሪው ላይ አቀርባለሁ። እሱ የራሱን በትንሽ ሳህን ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። በሁዳዴ! በየቀኑ አብረን በምንበላበት በዚያ ብቸኛ ወቅት። ከግድግዳው ወዲያ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ እሰማዋለሁ። ጾሙ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም፤ ትሪው ላይ እጄን ስዘረጋ ማዶ ያለው ጎን ሳይነካ ይቀራል። ጾሙ ሳያልቅ ካልታረቅን ፋሲካ ይገባል፣ ከዚያ የሚለየን ልማዱ ራሱ ይሆንና ጠቡ ይረሳል፤ አብሮ መብላቱም አብሮ ይረሳል። ይህን ፈራሁ።

ስለዚህ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ ሰው ጠየቅሁ። በምሳ ሰዓት ወደ ቻይናዊው ሄጄ፣ «ቤቱ የት እንደሆነ አላውቅም፤ አሳየኝ» አልኩት። ካርቶን ቀድዶ ሣለልኝ። ካርታውም ትክክል ነበር።

ረቡዕ ቀን የሥራ ፈረቃችን ካለቀ በኋላ ካርቶኑን ለአባትህ ሰጠሁት። አየው፣ መሪው ላይ አስቀመጠው፣ ነዳ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረስን። በር ላይ «ቆይ፣ አትግባ» አልኩትና በሩን ከፍቼ ይዤ፣ እሱ እየሰማ፣ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቱ አልሰማኝም። ደገምኩ። ሦስተኛም ደገምኩ። አንድ ጥግ ላይ የነበሩ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። ይዩኝ! ባለቤቱ በዱቄት የነጣ እጁን አንስቶ በግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የሐላል ወረቀት አሳየኝና ከትከሻዬ በላይ አባትህን አይቶ «አሰላሙ አለይኩም» አለ።

አባትህ ሰላምታውን መልሶ ገባ። ሲያልፈኝ፣ «ፕሮፌሰር፣ ስትዋሽ ድምፅህ ይወፍራል፤ ዛሬ ቀጥኖ ነበር» አለኝ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የሰማሁት ቀልድ ነው።

ሁለት ሳህን የበሬ ሥጋ መጣ። እንደምንም ደፍሬ እንጨቶቹን አነሳሁ። «በእኔ የተነሳ የማትበላውን በልተሃል። እኔም ልብላና እንካካስ» አልኩት።

ሳህኑን ከፊቴ ሳብ አደረገው። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? የእኔን በደል ባንተ ጾም ነው የምታወራርደው? አንዳችን መሳሳታችን ይበቃል።» ተነስቶ ወደ ባለቤቱ ሄደና በእጁም በአፉም እያስረዳ፣ ሥጋም መረቁም እንዳይነካው፣ በውኃ ብቻ ተቀቅሎ፣ ዘይትና ሚጥሚጣ መሳይ በርበሬ፣ ያ ጥቁር ኮምጣጤና ድንብላል ቅጠል ይደረግበት አለ።

ባለቤቱ ሊጡን አነሳ። ጎተተው፣ አጠፈው፣ ጧ አደረገው። እኔ ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ አጥፎ ጎተተ። «መቶ ሃያ ስምንት ክር ነው» አልኩ። አባትህ ሥጋውን እየጎረሰ «ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ያኔ ታረቅን። ያ ክር ለስላሳ ነበር፣ ግን ጥርስ ይይዛል። ኮምጣጤው አፍንጫ ይነካል። ሁለቱም ሳህን ከአንድ ሊጥ ነው የመጣው፤ የእሱ ሥጋ ለበሰ፣ የእኔ ራቁቱን ቀረ፣ ያ ነው ልዩነቱ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ሄድን። እናትህን ሲያገባም፣ አንተ ስትወለድም አልተቋረጠም። አባትህ ደግሞ ለሚያገኘው ሁሉ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ፤ «ይህን ቤት ያገኘው እሱ ነው። መጽሐፍ አንብቦ!» እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀበልኩት። አንድም ቀን አላረምኩትም። ባለፈው ዓመት በአባትህ ለቅሶ ቤታችሁ ተቀምጠን ሰው ያንኑ ሲያነሳ እንኳ ዝም አልኩ። ያገኘው ያ ባለፎርክሊፍት ነው ልጄ። እኔ ያገኘሁት የመጀመሪያውን ቤት ነው።

ቤቱ አሁንም አለ። ሊጡን የሚጎትተው ዛሬ የባለቤቱ ልጅ ነው። አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ብቻዬን ስገባ መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጣቱን አንስቶ በዓይኑ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ጣቱን አያነሳም፤ ግን ሊጡን አሁንም ለሁለት ነው የሚያስቆርጠው። የተረፈውን እንዳላይ ዞር እላለሁ።

አድራሻውን አልልክልህም፤ ራሴ እወስድሃለሁ። ረቡዕ ይሁን። ስንደርስ ግን በሩ ላይ ቆመህ ትጠብቀኛለህ። ግድግዳው ላይ ወረቀቱ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሽማግሌውም ይስቅብኛል፤ ቢሆንም አንተ እየሰማህ ገብቼ ልጠይቅልህ።