ለመመታት የሚወረውረው ግራኝ

ኩራሞቺ ሴይጂ በየቀኑ ከቁርስ በፊት የግራ እጁን የመሃል ጣት ጥፍር ይሞርዳል። በመቁረጫ አይነካውም፤ ጥፍሩ ከተሰነጠቀ ኳስ አይያዝም። ሚስቱ ፉሳዬ ሾርባውን የምታቀርበው ሞረዱ ኪሱ ከገባ በኋላ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከጃፓኗ ኮኩራ ከተማ ትምህርት ቤት ወስዶ ያስፈረመው የቤዝቦል ቡድን ዱላ ለያዘ መቺ ኳስ የሚጥል ግራኝ ወርዋሪ ይፈልግ ነበር። ግራኝ መቼም ቢሆን ፈላጊ አያጣም። የአካባቢው ጋዜጣ ፎቶውን አወጣ፤ አባቱም በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባት ዓመታት በዋናው ቡድን የተሰለፈው አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በስሙ የተመዘገበለት አንድ ድልና አራት ሽንፈት ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ ትከሻው ተጎዳና ፍጥነቱ ጠፋ። በጥቅምት ቢሮ ጠርተው ማሊያውን እንዲመልስ ነገሩት። በሩ ላይ ሲደርስ አስተዳዳሪው መልሶ ጠራው።

"ክንድህ ለጨዋታ እንጂ ለልምምድ አልሞተም። ለመቺዎቻችን ትወረውራለህ?"

አሥራ አራት ዓመት ወረወረ። መቺዎቹ ከጨዋታ በፊት ዱላቸውን የሚያሟሹት በእሱ ኳስ ነው፤ በቀን መቶ ሃያ ኳስ፣ በአንድ ፍጥነት፣ መቺው በፈለገው ቦታ። ሌላ ወርዋሪ ሲመታበት ከሜዳ ይወጣል። ኩራሞቺ ግን ካልተመታ እንጀራ የለውም።

ትልልቆቹ መቺዎች የየራሳቸው ወርዋሪ አላቸው። የኩራሞቺ ሰው ቡድኑ የሚተማመንበት ሃታኬዳ ነበር። ሃታኬዳን በጨዋታ ላይ ግራኞች ያስቸግሩት ስለነበር ለአሥራ ሁለት ዓመት በልምምድ ላይ ከኩራሞቺ በቀር ማንም አልወረወረለትም።

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ኳስ ከጣቱ ዘግይታ ወጣችና በሃታኬዳ ጀርባ በኩል አለፈች። ኩራሞቺ እንደ ደንቡ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ!"

"ምነው ኩራሞቺ ሳን፣ ጀርባዬን ሊያኩልኝ ነው?" ሃታኬዳ እንደ ወትሮው በአክብሮት ‘ሳን’ ብሎ እየጠራው ሳቀ።

በማግሥቱ ሦስት ኳሶች ሳቱ። በሳምንቱ አሥር። ትከሻውን አላመመውም፤ ጣቶቹ ናቸው ኳሱን መቼ መልቀቅ እንዳለባቸው የጠፋባቸው። ይህ በሽታ በወርዋሪዎች መካከል በስሙ አይጠራም። ከተጠራ ሰውየው ሥራ የለውም ማለት ነው። ኩራሞቺም አልጠራውም። በዕረፍት ቀኑ ወንዝ ዳር ወርዶ የድልድዩ ግንብ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ኳስ ይወረውር ጀመር።

"ከግንቡ ጋር ምን አጣላህ?" አለችው ፉሳዬ።

"እሱ አይናገርም" አላት።

በግንቦት ኮፍያ ማውለቁ ቀረ። ሃታኬዳ መቺ ሳይነካ ማሳለፍ ያለበትን መጥፎ ኳስም መምታት ጀምሮ ነበር፤ ከጉልበት በታች የመጣውን አጎንብሶ፣ ከትከሻ በላይ የመጣውን ተንጠራርቶ። የተመታ ኳስ እንደ ስህተት አይቆጠርም፤ ወርዋሪውም ይቅርታ አይጠይቅበትም። ኩራሞቺ ጣቶቹ እየተመለሱለት እንደሆነ ራሱን አሳመነ።

በሰኔ ሃታኬዳ በጨዋታ ላይ ሃያ ሦስት ጊዜ የመምታት ተራ ደርሶት አንዱም አልቀናውም።

"ሃታኬዳ! አያቴ በመጥረጊያ ትበልጥሃለች!" ይጮሃል ተመልካቹ።

አሠልጣኙ ሐኪም ቤት ልኮ ዓይኑን አስመረመረው። ጤነኛ ነው። በዚያ ዕለት በልብስ መቀየሪያው ክፍል የቀሩት ኩራሞቺና የልምምድ ኳስ ቀላቢው ሽማግሌው ሙናካታ ብቻ ነበሩ።

"ዓይኑማ ምን ሆነ" አለ ሙናካታ ጫማውን እየፈታ። "ዱላው ነው የጠመመው። ጨዋታ ላይም የሚያሳድደው ያንተን ዓይነት መጥፎ ኳስ ነው።"

"የእኔን?"

"ሁለት ወር ሙሉ ያንተን ቆሻሻ ሲለቅም ከረመ፤ እንዳታፍር ብሎ። እኔ ከኋላው ቁጭ ብዬ የምቀልብ ሰው ነኝ፤ ዕውር መሰልኩህ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ ለማን ነገርክ?"

በማግሥቱ ኩራሞቺ ልምምዱ ሳይጀመር ወደ ሃታኬዳ ሄደ።

"ዛሬ መጥፎውን አትምታ።"

"መጥፎ የለም ኩራሞቺ ሳን። ዝም ብለው ይወርውሩ።"

"አትምታ አልኩህ።"

ሃታኬዳ ታዘዘ። ከሃያው ኳስ አሥራ አራቱ ሳይመቱ አልፈው ከኋላ ያለውን መረብ መቱ። ኩራሞቺ አሥራ አራት ጊዜ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ከዘጠነኛው በኋላ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሥራቸውን አቁመው ያዩ ነበር፤ የሳቀ የለም። ሃያ አንደኛዋን ኳስ አንስቶ ጥቂት ያዛትና ወደ ቅርጫቱ መለሳት። ሃታኬዳ ዱላውን በትከሻው እንደያዘ መሬት መሬት እያየ ቀረ። ኩራሞቺ አስተዳዳሪው ቢሮ ገብቶ የበሽታውን ስም ተናገረ።

ሌላ ግራኝ እስኪገኝ ለሃታኬዳ የሚወረውርለት በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ነው። ኩራሞቺ ሰኞ ጠዋት በፉሳዬ ወንድም የጣሪያ ሸክላ ፋብሪካ፣ ዕቃ መጫኛው ክፍል፣ ሥራ ይጀምራል።