ኮቱን አላጥፍም ብሎ ባሕር የሄደው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ገና ወጣት ሳለ ሰፈሩ የገባው ተስቦ እናትና አባቱን በአንድ ክረምት ወሰደበት። እሱ ተረፈ፤ ልብሱ ግን አልተረፈም። የጤና ሰዎች መጥተው ቤት ውስጥ ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ፣ አንሶላውን ከነመጋረጃው፣ ግቢ ውስጥ ከምረው አቃጠሉት። ከአልጋ ሲነሣ የሚለብሰው ስላጣ አንድ የስኳር ጆንያ አንገትና ክንድ አውጥቶለት፣ ጎኑን በሲባጎ ጠቅጥቆ፣ እሱን ለብሶ ሥራ ፍለጋ ወጣ። በመንገዱ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አስቁሞ ዞረው፤ ማን እንደሰፋለት ጠየቀው፤ ራሴ ነኝ አለ። ሽማግሌውም እጅጌ ባይኖረውም ትከሻው ልክ ገብቷል ብሎ ሱቁ አስገባው። በዚያው ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀረ።

እኔ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። የሰዓት ጥገና ሱቄ ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ ይለያያል፤ ሲዘፍንም ሲቆጣም እሰማዋለሁ። ሰፈርተኛው «ካውያ» ይለዋል፤ በልብሱ ላይ አንድ ጭምድድ ያለ ነገር የታየበት ቀን ስለሌለ ነው። አንድ ሕግ አለው። የተሰፋ ኮት ይሰቀላል ወይም ይለበሳል እንጂ አይታጠፍም። አንድ ሙሽራ አዲሱን ኮቱን አጣጥፎ በፌስታል ሊወስድ ሲል ከእጁ ነጥቆ፣ አስለብሶ፣ ቁልፉን ቆልፎ ነው ወደ ቤቱ የሰደደው። ሙሽራው የመጣው በቱታ ነበር፤ የሄደውም ከላይ ሙሽራ ከታች ስፖርተኛ ሆኖ ነው።

ባለቤቱን ሲያገባ አንድ ቃል ገብቶላት ነበር፤ ባሕር ወስጄ፣ እጅሽን ይዤ፣ በእግርሽ አስገባሻለሁ ብሎ። ልጅ መጣ፣ የቤት ኪራይ መጣ፣ ዓመቱ ሄደ። እሷም በተጣሉ ቁጥር ነገሩን ሁሉ ትታ ባሕሩ ወዴት ነው ትለዋለች፤ እሱም ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል። በዚህ ሙግት አንድም ቀን ሲያሸንፍ አልሰማሁም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ሠርግ ቀረ፣ ሱፍ የሚያሰፋ ጠፋ፣ ካውያም ገበር በሚሆነው ጨርቅ ጭምብል ይሰፋ ጀመር። አየር መንገዶች እንደገና ሲከፍቱ የቲኬት ቢሮ የምትሠራው ልጁ አባትና እናቷን ክትባት አስወጋቻቸውና፣ ዋጋው እንዲህ የወረደው ሰው ፈርቶ ነው፣ ዛሬ ካልሄዳችሁ መቼም አትሄዱም አለቻቸው። እኔ በበኩሌ በዚህ ጊዜ ባሕር ማዶ የሚሄድ ነፍሱን የጠላ ነው ብዬ መከርኩት።

«አንተ ከወረርሽኝ ጋር ገና ዘንድሮ መተዋወቅህ ነው» አለኝ። «የእኔ የድሮ ጎረቤት ነው።»

ችግሩ የጀመረው ሻንጣ ላይ ነው። ልጁ አበባ ያለበት ቁምጣ ገዝታ አመጣችለት፤ ገልብጦ ስፌቱን አየና ጠርዙ በደንብ አልተዘመዘመም ብሎ መለሰላት። ሁለቱን ሱፎቹንና ካፖርቱን ካልያዝኩ አለ። ሻንጣ ደግሞ ካላጠፉ አይዘጋም። ስለዚህ አንዱን ሱፍ ከነሰደርያው ለበሰ፣ የሌላውን ኮት ደረበበት፣ በዚያ ላይ ካፖርቱን ጫነ። የሁለተኛው ሱሪ ከየት እንደገባ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

«አባዬ፣ የምትሄዱት እኮ ባሕር ነው» አለች ልጅቱ።

«እና ባሕሩ፣ ደሀ መጣብኝ እንዲል ነው?»

አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሸነፈ ነበር። ብርድ ስለነበረ ቁምጣ የለበሱት ሁሉ ሲንቀጠቀጡ እሱ እግሩን አነባብሮ ያያቸዋል። ሲወርዱ ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰው ተራርቆ ይቆማል፤ ጭምብሉ ያፍናል። ሚስቱ አውልቀው ብትለው የት ልስቀለው አላት። ተራው ሲደርስ ነጭ የለበሰችው ነርስ ያቺን የሙቀት መለኪያ ግንባሩ ላይ ደገነች፤ መለኪያዋ ጮኸች። ደገመች፤ አሁንም ጮኸች። አንዱ አስተናጋጅ ካፖርቱን ከትከሻው አወረደና እንደ አሮጌ ምንጣፍ ጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ሊከት ሲል ካውያ ጮሆ ተናጠቀው። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቷል ብለው ሁለቱንም ወደ ለይቶ ማቆያ ወሰዷቸው።

ማቆያው ያው የያዙት ሆቴል ነበር፤ ለየብቻ ክፍል ሆነ እንጂ። እሷ አንድ ምርመራ ነጻ ካላት ትወጣለች፤ ትኩሳት የተገኘበት ግን ሁለት ያስፈልገዋል። የእሱ መስኮት ወደ ጓሮ፣ አንሶላ ወደሚሰጣበት ግቢ ነበር። ስልክ ደውዬ ስለ ባሕሩ ብጠይቀው ሽታው ይመጣል አለኝ፤ ከዚያ ስለ አንሶላዎቹ አተኳኮስ ብዙ ተማረረ።

የባለቤቱ ውጤት ቶሎ መጣ፤ ነጻ ናት። የእሱ ዘገየ። ስልክ ደውሎ ጠብቂኝ፣ የማስገባሽ እኔ ነኝ አላት። እሺ አለች። ሌላም ቀን አለፈ፤ ውጤት የለም፤ የመመለሻ ቀናቸው ደግሞ ቀርቧል። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ቁልቁል ሲያይ አንሶላዎቹ መሐል ቆማለች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ገባሁ።»

«የት?»

«ባሕሩ ውስጥ ነዋ። ሌላ ምን መግቢያ አለ እዚህ?»

«ጠብቂኝ አላልኩሽም?»

«አንተን ስጠብቅ አረጀሁ። አሁን ደግሞ የኮትህ ላብ እስኪደርቅ ልጠብቅ?»

መስኮቱን ዘጋ። ስልኳንም አላነሣም። ለአንድ ወንድ የገባውን ቃል ቃል የተገባላት ራሷ ስትፈጽምለት ከማየት የባሰ ውርደት የለም ሲል አሰበ።

በማግስቱ ምግቡን ከበር ላይ ሊያነሣ ሲወጣ ከሳሕኑ ጎን ውሃ የሞላ ባልዲ አገኘ፤ ታቹ አሸዋ አለው። የልብስ አጣቢዎቹን ሴቶች በምልክት አግባብታ የባሕሩን ውሃ ልካለታለች። ባሕር በባልዲ የሚላክለት በሽተኛ ነው ብሎ አኩርፎ ተቀመጠ። ሲታክተው መስኮቱን ከፈተ። እሷ ፀሐይ ላይ ቆማለች።

«እግርህን ካልነከርክ ከዚህ አልሄድም» አለች።

«ወደ ባሕርሽ ሂጂ።»

«እምቢ። ፀሐዩ ቢጥለኝ የምታነሣኝ አንተ ነህ፤ ለዚያ ደግሞ አያስወጡህም።»

ይህን ሲሰማ ጫማውን አወለቀ። ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ እግሩን ባልዲ ውስጥ ከተተ። እሷም ከታች ሆና ነገረችው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ከእግር ሥር አሸዋውን እንዴት እየሰረቀ እንደሚሄድ፣ እንደወደቀች፣ ሊያነሡአት የመጡት የማታውቃቸው አሮጊት ራሳቸው ተከትለው እንደወደቁ፣ ሁለቱም ቋንቋ ሳይግባቡ ተቀምጠው እንደሳቁ። ካውያም ሳቀ። ልብስ አጣቢዎቹ ቀና ብለው ክራቫት ያሰረውን ሳቂታ በሽተኛ አዩት።

የእሱ ውጤት የመጣው በመመለሻቸው ቀን ነው፤ አንድም በሽታ የለበትም። ከማቆያው በቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱት። ባሕሩን ከአውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ በሚስቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየው።

ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት፤ እኔም አልቀረሁም። ባሕር ድረስ ሄደህ ባሕር ሳትገባ መጣህ አልኩት። መቀሱን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«እንዳኮረፍኩ አልክድህም። በኋላ ሳስበው ግን ትልቁ ነገር እሷ አለመጠበቋ ነው። ብትጠብቀኝ ኖሮ ሁለታችንም ያን አንሶላ አይተን እንመለስ ነበር። ሰው ሚስቱ ደስ ባላት እለት፣ ደስ ያሰኛት እሱ ነው አይደለም ብሎ ካልቆጠረ ነው ደስታው ለእሱም የሚደርሰው። አሁን ስለ ባሕር ስታወራ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። እኔ ባስገባት ኖሮ ተራኪው እኔ እሆን ነበር፤ እሷ ግን ከእኔ ይልቅ ማውራት ታውቅበታለች።»