ከመርካቶ የተጠበቀው መድኃኒት

የወንድሜ ልጅ አልቅሳ ሰው አትቀሰቅስም ነበር። ድምፅዋ ደካማ ነው። እግሯን አታነሳም፣ አንገቷም አልጸናም፤ ዓይኗ ግን ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይከተላል። ጎረቤቶች «ጨዋ ልጅ!» እያሉ ያሞግሷታል። እኔ ቡታጅራ ባዮሎጂ የማስተምረው አክስቷ፣ ያ ሙገሳ ያንገበግበኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች፣ ጡንቻዎቿን የሚያዙት ነርቮች በዘር ችግር እየሞቱ ነው አሉን። ሁለት ዓመት መድረሷም ያጠራጥራል ተባለ። አንደኛው ሐኪም ታዲያ ውጭ አገር በቅርቡ የተፈቀደ፣ አንቲሴንስ ከሚባሉት ወገን የሆነ መድኃኒት እንዳለ አነሳልን። ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው ይህችን ብቻ ነው።

ተቋርጦ የከረመው ኢንተርኔት ሲለቀቅ አነበብኩና፣ ወንድሜ በርበሬ በሚነግድበት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን አስረዳሁት። ነርቮቿን በሕይወት የሚያቆየውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዋናው ዘረ መል የላትም፤ ያላት መጠባበቂያው ነው። ከመጠባበቂያው መልእክት ሲቀዳ ግን ሰውነቷ አንዲት አስፈላጊ ቁራጭ ቆርጦ ይጥላል።

«መድኃኒቱስ?»

«በላብራቶሪ የተሠራች አጭር ክር ናት። መልእክቱ ላይ ተለጥፋ ቁራጯ እንዳትጣል ታደርጋለች። የሚሰጠው ወገብ ላይ በመርፌ ነው።»

«ተሠርቷል ማለት ነው?»

«ተሠርቷል።»

«ከተሠራማ መርካቶ አይጠፋም» ብሎ ተነሳ።

እንዲህ ነን እኛ። ከመስቃን ጉራጌ የወጣ ነጋዴ ያልመጣ ዕቃ እንጂ የሌለ ዕቃ አያውቅም። መርካቶ ሱቅ ያለው የአክስታችን ልጅ ደግሞ ደንበኛን «የለም» ብሎ መመለስ ነውር ይመስለዋል። ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ «ይመጣል» ነው። ወንድሜንም እንደዚያው አለው። አገር ውስጥ የሚሰጠው ሐኪም እንደሌለ፣ ከዱባይ በሻንጣ የሚገባ ጨርቅ እንዳልሆነ ለወንድሜ እየጮህኩ ብነግረው፣ «አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ንግድ አታውቂም» አለኝ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ የማስተምረውን ያንን የመልእክት ቅጂ ያን ሰሞን ጠላሁት። ማወቄ ለልጅቷ አንድ ጠብታ ትንፋሽ አልጨመረላትም።

ክረምት ሲገባ ጉንፋን ያዛት። ለማሳል አቅም አልነበራትም። ጎህ ሲቀድ አረፈች፤ ረፋዱ ላይ ተቀበረች።

ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ለቅሶ እንደተቀመጥን የወንድሜ ስልክ ጮኸ። የአክስታችን ልጅ ነበር፤ መርዶው አልደረሰውም። ድምፁ ደስ ብሎት እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም! ዕቃውን የሚያውቅ ሰው አገኘሁልህ! የልጅቷን ክብደት ንገረኝ ብሏል፤ ስንት ኪሎ ናት?»

ወንድሜ መዳፉን አየው። የመቃብሩ አፈር ገና አልታጠበም።

«ቀላል ናት» አለው። «ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያወረድኳት። በጣም ቀላል ናት።»