ቅዳሜ የመለስኩት ልጅ

ባለፈው ሳምንት አዲሱን ልቦለዴን ይዤ ወደ አዳማ ስወርድ ሾፌሩ መንገድ ዳር ቆሞ ሸንኮራ ገዛ። እየላጠ፣ እየመጠጠ፣ ምጣጩን በመስኮት ሲወረውር ጨዋታዬ ጠፋብኝ። "ደከመዎት እንዴ ጋሼ?" አለኝ። ዕድሜ ለሽበቴ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር ደከመው ይሉኛል። የዚያን ጊዜዋ ናዝሬት ትዝ ብላኝ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ለቴሌቪዥን ድራማ እጽፍ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ሕዝቡ ቅዳሜ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስቦ ያያል። ያኔ የሚታየው ባለ አራት ክፍል ድራማዬ፣ እናቱን ትቶ መንግሥት እርሻ ሊሠራ ስለወረደና ደብዛው ስለጠፋ ወጣት ነበር። ሦስቱ ክፍሎች ታይተዋል። በመጨረሻው ልጁን ልገድለው አስቤያለሁ። ጽሑፋችንን የሚመረምረው ሰውዬ ይህን ስነግረው ብዙም አልከፋው። "ይሙት፤ ግን ሥራ ላይ ሆኖ ይሙት" ብሎ አሰናበተኝ።

ለመጨረስ ናዝሬት አንድ ርካሽ ሆቴል ያዝኩ። ሙቀቱን እወደዋለሁ፤ ፓፓያው ሎሚ ተጨምቆበት ሲቀርብ ደግሞ ለጽሑፍም ለሆድም ይስማማል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጁን ቆቃ ሐይቅ ውስጥ አሰጠምኩት። የመስኖው ፓምፕ ተዘግቶበት ሊያጸዳ ገብቶ ቀረ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ እንዲያውም በራሴ ኮርቼ ሁለተኛ ፓፓያ አዘዝኩ።

ፓፓያው ሳይመጣ ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት ፊቴ ቆሙ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሽንኩርት የሚሸጡት እማማ አስካለ ናቸው አለኝ የሆቴሉ ባለቤት።

"ድራማውን የምትጽፈው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እማማ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጡም። "ግርማ ልጄ ሸንኮራ ሲበላ ምጣጩን ኪሱ እንደሚከት ማን ነገረህ? ግቢዬ እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።"

በድራማው ውስጥ ልጁ እንዲህ ያደርጋል። አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ያወጣሁት ነበር። ግርማ አንድ ልጃቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት "ሞጆ ደርሼ እመጣለሁ" ብሎ ወጥቶ ቀርቷል። በዚያ ዘመን እንዲህ ስለቀረ ልጅ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም።

"እማማ፣ ልጅዎን አላውቀውም። ፈጠራ ነው።"

ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "አትፍራ፣ ልጄ። የት እንዳየኸው ለማንም አልናገርም። አንተንም አልጠይቅህም። ብቻ ቅዳሜ መልስልኝ።"

እጄን ይዘውኝ ነበር። እሺ አልኳቸው። እንደሄዱ የጠዋቱን ወረቀት ቀዳድጄ የሆቴሉ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ከእኔ በቀር ማንም አላነበበውም። በአዲሱ ጽሑፍ ልጁ በር አንኳኩቶ ገባ፣ እናቱ አቅፋው አለቀሰች። መርማሪያችንም ደስ አለው፤ ቅዳሜ ታየ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ናዝሬት ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጋና ፈልጌ ነው። ጠያይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። ቀትር ላይ ነው። ዝናብ ጠብ ካለ ወራት አልፈዋል፤ አቧራው እየተሽከረከረ ይነሳል። እማማ አስካለ በር ላይ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ቅዳሜ መጣ!" አሉኝ።

"ማን?"

"ግርማ ነዋ! አንተ አይደለህ የላክኸው?"

አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ የተጠጣባቸው ሁለት ብርጭቆዎች አሉ። ጓዳው በር ላይ የወንድ ጫማ ተቀምጧል። ጫማው ርሷል። ከሥሩ ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ማሰሪያው ላይ አረንጓዴ የሐይቅ ሣር ተጠምጥሟል። ስለ ቆቃው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"ጫማው ለምን ረጠበ?" አልኩ።

"እኔ እንጃ። በየቀኑ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ አይደርቅም። ደግሞ ለጫማ! እሱ ይኑርልኝ እንጂ።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞሩ። "ተኝቷል። ልቀስቅሰው?"

ከመጋረጃው ወዲያ የሽቦ አልጋ ሲጢጥ አለ፤ ሰው ሲገላበጥ እንደሚለው።

"ይተኛ፣ እማማ። አይቀስቅሱት።"

እስከ መናኸሪያው ዞር ብዬ አላየሁም። በዚያው ወር የቴሌቪዥኑን ሥራ ለቀቅሁ። ልቦለድ የሚያነብ ሰው ለየብቻው፣ በፈለገው ሰዓት ነው የሚያነበው፤ ቅዳሜ ይመጣልኛል ብሎ በር ከፍቶ የሚጠብቅ የለም። ለጋዜጠኞች ግን የለቀቅሁት በሳንሱር ምክንያት ነው እላለሁ፤ እነሱም መልሱን ይወዱታል።

ዛሬ እማማ አስካለ ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። አዳማ ስመላለስ በዚያ ሰፈር ግን አልፌ አላውቅም። መጋረጃውን ያልገለጥኩት ለእሳቸው አዝኜ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ባዶ አልጋ እንዳለ ባውቅማ ኖሮ ገልጬው አብሬያቸው አለቅስ ነበር። የፈራሁት ግርማን ነው። ተነስቶ መጥቶ "ለምን አሰጠምከኝ?" ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?